በጅቡቲ የሥጋ ዶሮ ለማርባት ከመኖው አስቀድሞ ቤቱ ይታሰብ

ለሥጋ የሚሆን ዶሮ አርብቶ ለገበያ ማቅረብ፣ ሰፊ መሬት ሳይጠይቅ በአጭር ጊዜ ገቢ ከሚያስገኙት የእርሻ ሥራዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ጅቡቲ ለሕዝቧ ከሚያስፈልገው ምግብ አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ አገር ናት፤ በከተማው የሚሸጠውም የዶሮ ሥጋ በአመዛኙ በበረዶ ቀዝቅዞ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በባልባላም ሆነ በአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች አጠገብ ጥቂት መቶ ጫጩቶች አስመጥቶ ለማሳደግ የሚነሣ ሰው አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ ሥራ ላይ ያዋለ ሰው፣ በአንድ ቀን የቀትር ሙቀት መንጋው አልቆበት ባዶ እጁን እንዳይቀር አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም በጅቡቲ ከተማ የሥጋ ዶሮን ጤንነትና ምርት የሚወስነው በመጀመሪያ ቤቱ፣ ቀጥሎ ውኃው፣ ከዚያም በኋላ መኖው መሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ገንዘቡን በጫጩትና በመኖ ላይ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ቤቱን በተረፈው ጣውላና ቆርቆሮ ያቆመዋል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንደሚባለው፣ ዶሮ እህል ካገኘች ሌላ የምትሻው ነገር ያለ አይመስለውም። ሙቀት የጸናባት ዶሮ ግን ያንኑ የምታልመውን ጥሬ ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ ትተወዋለች። ያን ጊዜ አርቢው መኖው ተበላሽቷል ወይም በሽታ ገብቷል ብሎ መድኃኒት ለመግዛት ይሮጣል፤ ጠላቱ ግን ከራሱ በላይ ያለው ጣሪያ ነው።

ዶሮ ላብ የሚያወጣ ዕጢ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ያህል ነው፤ ይህ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ከጨመረ ትሞታለች። ላደገች የሥጋ ዶሮ የሚስማማት አየር ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለው ሲሆን፣ ከ30 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ዘርግታ ታለከልካለች። ማለክለኳ ሙቀቱን ቢያወጣላትም ከደሟ ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ የደሟ ሚዛን ይታወካል። መኖ መብላቷ ይቀንሳል፤ ዕድገቷ ይዘገያል፤ በሽታን የመቋቋም ኃይሏም ይደክማል። በጅቡቲ ደግሞ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ያሉት የዛሬ የሥጋ ዶሮዎች በ6 ሳምንት ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ እንዲመዝኑ ተመርጠው የተራቡ ናቸው። ቶሎ የሚያድግ ሰውነት ከውስጡ ብዙ ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ እነዚህ ዶሮዎች ከአገር ቤቷ ዶሮ ይልቅ በሙቀት በቶሎ ይሸነፋሉ። በኢትዮጵያ ገጠር መላጣ እየተባለች የምትጠራው አንገቷ ላባ የሌላት ዶሮ፣ ሙቀት በባዶ አንገቷ ስለሚወጣላት በቆላ የተሻለ ትቋቋማለች። ላባ የለበሰችውና ፈጥና የምትሰባው የውጭ ዶሮ ግን ይህን ጥቅም ስላላገኘች፣ የጎደላትን በቤት አሠራር ሊያሟላላት የሚገባው አርቢው ነው።

እርግጥ ነው፣ የአንድ ቀን ጫጩት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ትፈልጋለች፤ በደጋ አገር ይህን ለማግኘት ከሰል ወይም መብራት ሲያስፈልግ፣ በጅቡቲ የዓመቱ ብዙ ቀን ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። አርቢውን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ብሏቸው ሲሯሯጡ አይቶ ቤቱ መልካም ነው ይላል፤ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ግን ያው ሙቀት ገዳይ ይሆናል።

ስለዚህ የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፤ ይህ ሲሆን የጧትና የማታ ፀሐይ ወደ ውስጥ በብዛት አይገባም። ጎኑና ጎኑ በሽቦ ወንፊት ብቻ ተጋርዶ ለነፋስ ክፍት ይሁን፤ ወርዱም ነፋስ እንዲያልፍበት ከ10 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ጣሪያው ከፍ ይበል፤ ክፈፉም ጥላ እንዲሰጥ ወደ ውጭ ይውጣ። ቆርቆሮ ከሆነ ከላይ ኖራ ይቀባ፤ ከሥሩም በሰሌን ወይም ሙቀት በሚከለክል ሌላ ነገር ይደረብ። ዶሮዎቹ ካደጉ በኋላ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 አይብለጡ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከዚያም ያንሱ።

ውኃ በመርጨት ቤቱን ማቀዝቀዝም በጊዜው ሊደረግ ይገባል። አየሩ በደረቀ ጊዜ የተረጨው ውኃ ሲተን ቤቱ ይቀዘቅዛል። በግንቦትና በመስከረም ግን ከባሕር የሚመጣው እርጥበት ሲከብድ ርጭቱ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ጉዝጓዙን ከማርጠብና ዶሮይቱን ከማፈን በቀር የሚረባ ነገር አይሠራም።

ከቤቱ ቀጥሎ ውኃ ነው። ዶሮ በደኅና አየር ከምትበላው መኖ ክብደት እጥፍ ያህል ውኃ ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜ ግን ይህ ልክ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። በፀሐይ የተሰጣ በርሜልና በምድር ላይ የተዘረጋ ቧንቧ የያዘው ውኃ በቀትር ስለሚፈላ ዶሮ አትጠጣውም። በርሜሉ በጥላ ይቀመጥ፤ ቧንቧው ይቀበር፤ በመጠጫው ያለው ውኃም በቀትር ደጋግሞ ይለወጥ። በከተማው ዙሪያ የሚገኘው የጉድጓድ ውኃ ጨው የሚበዛበት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ጨዋማ ውኃ የዶሮን ኩስ ያቀጥናል፤ ቀጭን ኩስም ጉዝጓዙን ያረጥባል። እንዲህ ያለ ውኃ የሚጠቀም አርቢ በመኖው ውስጥ የሚጨመረውን ጨው እንዲቀንስ ያስፈልጋል።

መኖውም ቢሆን ቤቱንና አየሩን የተከተለ መሆን አለበት። ጫጩት በመጀመሪያው ጊዜ ከ22 እስከ 23 ከመቶ ፕሮቲን ያለበት መኖ፣ በመጨረሻው ጊዜ ደግሞ ከ18 እስከ 20 ከመቶ ያለበት ያስፈልጋታል። ሆኖም ትርፍ ፕሮቲን በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ሙቀት ያበዛል፤ ዘይት ግን ከፕሮቲንም ከእህልም ያነሰ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ በሙቀት ወራት ፕሮቲኑን ከልክ በላይ ከማብዛት ይልቅ፣ ላይሲንና ሜታዮኒን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች አሟልቶ ከእህሉ ጥቂቱን በዘይት መተካት ይበጃል። መኖውም ፀሐይ ሳትበረታ ይነሣና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይመለስ፤ በሌሊት ጥቂት ብርሃን ቢደረግ ዶሮዎቹ ቀን ያጡትን በሌሊት ይበላሉ። ከረጢቱም ከምድር ከፍ ብሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ፤ በባሕር እርጥበት የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለውን የጉበት መርዝ ሊያፈራ ይችላልና።

ስለ በሽታም የተነሣ እንደ ሆነ፣ የብዙው በር ቤቱ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያም ዓይንንና የመተንፈሻን አካል ያቆስላል። ደም የሚያስቀምጠው ኮክሲዲዮሲስም የሚራባው በእርጥብ ወለል ነው። ፈንግልን ለመከላከል ክትባት አለ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚያዘጋጃቸው ክትባቶችም አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ክትባት በሙቀት ለደከመች ዶሮ የሚሰጠው ጥበቃ ያነሰ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፎች ኢንፍሉዌንዛ በጅቡቲ በዶሮዎችና በአንድ ሕፃን ላይ መገኘቱ፣ የዶሮ ቤት ጉዳይ የአርቢው ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ጉዳይ መሆኑን አሳይቷል። የባክቴሪያ መድኃኒት በየምክንያቱ በውኃ ማጠጣትም ሙቀትን አያበርድም፤ ይልቁንም መድኃኒቱ የማይበግራቸውን ተሕዋስያን ያበዛል።

አንዳንዶች ብራዚልን በመሰሉ በቆሎና አኩሪ አተር በሞላባቸው አገሮች የረባው ዶሮ በርካሽ እየመጣ፣ በዚህ ምድጃ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ለማርባት ለሚሻ ሰው እውነትነት አለው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ቀዝቀዝ ባሉ ወራት ግን፣ ለአንድ ዙር 6 ሳምንት፣ ቤቱን ለማጽዳትና ለማሳረፍ 2 ሳምንት ቢታሰብ፣ ሦስት ዙር ማውጣት ይቻላል። አነስተኛ አርቢ በካምሲን ወራት ቤቱን ባዶ ቢተው ስንፍና አይባልም፤ ገንዘቡን ማዳኑ ነው። ትኩስ ሥጋ የሚሻ የከተማ ገዢም ከበረዶው ዶሮ ይልቅ የእርሱን ይመርጥለታል።

ስለዚህ ባለሥልጣኖች ለዚህ ሥራ ብድር ወይም ፈቃድ ሲሰጡ አስቀድመው ጫጩቱን ሳይሆን ቤቱን ይመልከቱ፤ የውኃውን የጨው መጠን ያስመርምሩ፤ አርቢዎች ሄደው አይተው የሚማሩበት አንድ ምሳሌ የሚሆን ዶሮ ቤትም ያሠሩ። አርቢውም ከጫጩት በፊት ጥላ፣ ከመድኃኒት በፊት ቀዝቃዛ ውኃ ይግዛ። ከመቶ ዶሮ ሠላሳውን በሙቀት ከሚቀብር ይልቅ፣ ሰባ ብቻ አስገብቶ ሁሉንም ለገበያ የሚያደርስ አርቢ ቤተሰቡን ይረዳል፤ ለአገሩም ይጠቅማል።