የፎቶ ብዛት የማይፈታው ችግር፦ የጥልቅ ሰማይ ምስል በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

በዲጂታል ካሜራ ኔቡላና ጋላክሲ የሚያነሳ ተማሪ ውጤቱ ሲደበዝዝበት በቅድሚያ የሚያስበው የሚደራረቡትን ፎቶዎች ቁጥር መጨመር ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሰማይ ሥር ግን ይህ መፍትሔ ሩቅ አያስኬድም።

መደራረብ የሚያዳክመው ዘፈቀዳዊውን ኖይዝ ብቻ ነው፤ ያውም በፎቶዎቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ። 16 ፎቶ የሲግናልና የኖይዝን ምጣኔ 4 እጥፍ ሲያሻሽል፣ 8 እጥፍ ለማድረስ 64 ፎቶ ያስፈልጋል። የከተማው ብርሃን ሰማዩን 4 እጥፍ ካደመቀው ደግሞ ያንኑ ጥራት ለማግኘት 4 እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ሌሊቱ ግን አይረዝምም።

ከዚህ የሚብሰው በየፎቶው ሳይለወጥ የሚደጋገመው ስሕተት ነው። በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ኮረብታ ወይም የጎረቤት ፎቅ በቀላሉ ይጋርደዋል። መከታተያ መሣሪያው ከምድር ዛቢያ ጋር በትክክል ሳይገጥም ሲቀር ሰማዩ በሴንሰሩ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ፕሮግራሙ ከዋክብቱን ሲያገጣጥም የሴንሰሩ ቋሚ ነጠብጣቦች ጭረት ይሆናሉ፤ መቶ ፎቶ ቢጨመር ጭረቱ ይረዝማል እንጂ አይጠፋም። የሚያጠፋው ዲዘሪንግ ነው፦ በየጥቂት ፎቶው መካከል ካሜራውን በጥቂት ፒክሰሎች፣ ሥርዓት በሌለው አቅጣጫ ማዛወር። ያን ጊዜ ከአማካዩ የራቁ እሴቶችን የሚጥለው ስሌት ያለ ብርሃን የሚያበሩትን ፒክሰሎችም የሳተላይት መስመሮችንም ይለያቸዋል።

የካሜራው ሴንሰር ማቀዝቀዣ ስለሌለው በሞቀ ክፍል የተነሳ ዳርክ ፍሬም ለሱሉልታ የታኅሣሥ ብርድ አይሆንም፤ እዚያው ውጭ መነሳት አለበት። ፍላት ፍሬም ካልተነሳ ደግሞ የሌንሱ ጠርዝ ጥላ ከከተማው ብርሃን ጋር ተደባልቆ የከዋክብትን ድምቀት ልኬት ያዛባል። ለምርምር ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ የምስሉ ውበት ሁለተኛ ነገር ነው። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ከፎቶዎቹ ቁጥር እኩል እነዚህን ማስፈር ይገባዋል።

አቅጣጫም ይመረጣል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ሱሉልታ የአዲስ አበባ ብርሃን በስተደቡብ ስለሚቀር በሰሜን ከፍ የሚለው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ይመቻል። ከቡራዩ ዒላማው ወደ ምዕራብ እስኪያዘነብል መጠበቅ፣ ከሰበታ ደቡቡን መምረጥ ያዋጣል።

ራቅ ወዳለ ጨለማ ሰማይ መሄድ ከሁሉም ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሆኖም መኪናና ነዳጅ ለሌለው ተማሪ ያለው ሰማይ የሰፈሩ ሰማይ ነው፤ ዲዘሪንግና ፍላት ፍሬም ደግሞ ተጨማሪ ሌንስ አያስገዙም።