ቤቱን ሁለተኛ ደካማ ትምህርት ቤት አናድርገው

በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚደጋግማት አንዲት አቤቱታ አለች፤ «ልጆቹ ዝም ብለው ቤት ተቀምጠዋል» የምትል። አቤቱታዋ በቂ ምክንያት አላት። በ2017 ዓ.ም. ክልሉ 7 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ለመመዝገብ አቅዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ የትምህርት ቢሮው ራሱ አስታውቋል። ይህን ጉዳት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔ የምቃወመው ከአቤቱታዋ ጀርባ ያለውን፣ ሰላም በነበረበት ጊዜም የነበረውን እምነት ነው፤ ትምህርት የሚገኘው ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ ቤት ደግሞ ደወሉ እስኪደወል መጠበቂያ ነው የሚለውን። ይህ እምነት ግጭቱ ካደረሰው ጉዳት ሌላ የራሱ ጉዳት አለው። በተለይ ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች ባሉት ላይ።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይታያል። በከተማ፣ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል፤ አጋዥ መጽሐፍ ይገዛል። የ6 ዓመት ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ «ሀ» እስከ «ሆ» 10 መስመር ይገለብጣል። ማታ አባት ደብተሩን ሲገልጥ የሚያየው ገጹ መሙላቱን ነው። ልጁ የገለበጠውን ያንብብ አያንብብ የሚጠይቅ የለም፤ የተከፈለው ገጽ ለማስሞላት ነውና። በገጠር፣ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ «ይህ ልጅ ሥራ ፈቶ ከሚውል» ብሎ ቀኑን ሙሉ ከብት ያስጠብቀዋል፣ ሕፃን ያሳዝለዋል፣ ወይም ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ተቆርጦ ከሰል በሚከሰልበት ቦታ ያውለዋል። ሁለቱ ቤተሰቦች በኑሮ ቢራራቁም በሐሳብ አንድ ናቸው። አንደኛው ትምህርት ቤትን ቤቱ ውስጥ በትንሹ ሊደግመው ይሞክራል፤ ሁለተኛው ትምህርት ቤት ከሌለ ትምህርት የለም ብሎ እጁን ያነሳል። እናቲቱ እንጀራ ስትጋግር፣ አያት ተረት ሲያወራ፣ ታላቅ እህት ገበያ ስትልክ የሚሆነውን ነገር ሁለቱም ከትምህርት አይቆጥሩትም።

እንግዲህ የሚደገመው ነገር ምን እንደነበር እንይ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያኔ ትምህርት ቤት ክፍት ነበር፤ ስም ይጠራ ነበር፤ ልጆቹም ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። የዓለም ባንክም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ 10 ዓመት ከሞላቸው የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል። መጨረሻውንም አገር አይቶታል፤ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ግማሽ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ተነስቶ «ትምህርት ቤት አያስፈልግም» የሚል ካለ ቸኩሏል። የእኔ ድምዳሜ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቤተሰብ በአስጠኚ አማካይነት ሳሎኑ ውስጥ የሚተክለው መገልበጥና በቃል ማነብነብ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያልተሳካለት ክፍል ነው።

በቃል ማነብነቡን ቀረብ ብለን እንየው። ፊደል ጨርሷል የተባለ ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ እስከ «ፖ» ድረስ ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ጣታችንን መሐል ላይ፣ ለምሳሌ «ሪ» ላይ፣ ብናሳርፍና «ይህቺ ማን ናት?» ብንለው ግን ዝም ይላል፤ ከዚያም ከ«ረ» ጀምሮ በዜማ እየቆጠረ ይደርስባታል። ያ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። የቤተ ክህነቱ የኔታ ይህን ደካማ ጎን ዛሬ ከምናወራው ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ ይገባል፤ አቡጊዳ ደግሞ የፊደሉን ተራ አፈራርሶ ሌላ ተራ የሚሰጥ ስለሆነ በዜማ ብቻ የመጣውን ያጋልጠዋል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንባቡና ወደ ዳዊቱ የሚኬደው። ይህ ሁሉ ይካሄድ የነበረው በዛፍ ጥላ፣ በደጀ ሰላም፣ አንዳንዴም በየኔታ ጎጆ ነው። የቆሎ ተማሪን ረሃብና የአለንጋውን ሽንቁጥ የሚናፍቅ የለም፤ ሴት ልጅም ከዚያ ደጅ የገባችው በጣት ተቆጥራ ነው። ነገር ግን ንባብን ማስተማር ሕንፃ እንደማይጠይቅ፣ ይልቁን የሚያስተምረው ሰው ልጁ ያወቀውንና ያላወቀውን መለየቱን እንደሚጠይቅ ያ ሥርዓት አሳይቶናል። አንድ ልጅ ወይም ሦስት ልጆች ፊቱ ያሉት ወላጅ ይህን ለመለየት 70 ልጅ ከሚያስተምር መምህር ይልቅ ይቀርባል።

ቤት ከዚህም ሌላ ክፍል ውስጥ የማይገኝ ሀብት አለው፤ ወሬ። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂዩዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪዎች 30 የ4 ዓመት ሴት ልጆች ቤታቸው ከእናታቸው ጋርና መዋዕለ ሕፃናት ከአስተማሪያቸው ጋር ሲነጋገሩ ቀድተው ግኝታቸውን በ1984 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሳተሙ። ብዙ ሰው የጠበቀው አስተማሪዋ ዘንድ ጠለቅ ያለ ንግግር እንደሚገኝ ነበር፤ የተገኘው ተቃራኒው ነው። ቤት ውስጥ ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ መልሱ ካልገባቸው መልሰው ይጠይቃሉ፤ የላብ አደር ቤተሰብ ልጆችም ጭምር። መዋዕለ ሕፃናት ሲደርሱ ጠያቂዋ አስተማሪዋ ትሆናለች፤ ልጆቹ በአንድ ቃል መልሰው ዝም ይላሉ። «ልጅ ከአዋቂ ጋር አያውጋ» የምንል እኛ፣ ልጅ ሲጠይቅ «ዝም በል፣ ለፍላፊ» የምንል እኛ፣ ይህን ሀብት በገዛ እጃችን እንዘጋዋለን። ጎጂው ልማድ ይኼ ነው እንጂ የወላጅ አለመማር አይደለም።

ነገሩ በአዊ ዞን ሌላ ክብደት ያገኛል። የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በግምጃ ቤትና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ብዙ ልጅ አፉን የሚፈታው በአዊኛ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ አዊኛ አልነበረበትም፤ ቋንቋው ወደ ክፍል የገባው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻው እንዲማር ከፈቀደ በኋላ ነው። ይህ ትልቅ ድል ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? ከሱቅ የአማርኛ ፊደል ገበታ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። በዚያ ገበታ ላይ የአዊኛዎቹ ጘ፣ ጙ፣ ጚ የሉም። እናቱ ቀን በቀን የምታሰማው ድምፅ ከግድግዳው ላይ የለም፤ ልጁም ፊደል ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ነገር ይመስለዋል። አማርኛ ልጁ ሊያውቀው የሚገባ ቋንቋ መሆኑ አያከራክርም፤ ከተማ ወርዶም ይናገረዋል። ግን ማንበብን ለመጀመር የሚያውቀውን ቃል ማንበብ ይቀላል፤ ያን ቃል ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቀው ቤት ያለችው እናት ናት። ለ30 ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ ብለን ከተሟገትን በኋላ ያ ቋንቋ የሚኖርበትን ቤት «ትምህርት የሌለበት» ማለት ራስን መቃወም ነው።

ስለ ሒሳብም ተመሳሳይ ነገር ይባላል። ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በተባለች ከተማ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ አንድ ጥናት ገበያ የሚሸጡ ልጆችን ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ገበያው ላይ በደንበኛ አኳኋን ሲጠየቁ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት፣ በቁጥር ብቻ ሲሰጣቸው ወደ 37 በመቶ ወረዱ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ የ4 ኮኮናት ዋጋ፣ አንዱ በ35፣ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ 105 ላይ 30 ደምሮ፣ 5 ጨምሮ 140 አለ። 35 ሲባዛ በ4 ተብሎ ወረቀት ሲሰጠው፣ አራት ጊዜ አምስት ሃያ፣ ሁለቱ በእጅ እያለ ቀጥሎ 200 ጻፈ። ገበያ ላይ ሊሳሳት የማይችለውን ስሕተት ወረቀቱ ላይ ሲሠራ አልታወቀውም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ኮኮናት አልነበረምና። የግምጃ ቤት ድንች ሻጭ ልጅም ከዚህ አትለይም። ኪሎው 20 ብር ሆኖ 3 ኪሎ የገዛ ሰው የ100 ብር ኖት ሲሰጣት 40 ትመልሳለች፤ 30 ብትመልስ ደንበኛው ይጮኻል፣ 50 ብትመልስ እናቷ ትጮኻለች። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲዘራ መደመርን ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ አስቦ መቁጠርን ይለምዳል። የገበያ ሒሳብ ድንበር እንዳለው አልክድም፤ ክፍልፋይና አልጀብራ በድንች አይመጡም። የ7 ዓመት ልጅ ግን ገና አልጀብራ ላይ አይደለም። ቤተሰቡ ማድረግ የሚገባው ልጅቷ በአፏ ያሰላችውን ማታ በወረቀት አብራ እንድታሰፍረው ማገዝ ነው፤ ከገበያ ነጥሎ አጋዥ መጽሐፍ ላይ መትከል አይደለም።

«ወላጁ ራሱ ፊደል አልቆጠረም፤ ምኑን ያስተምራል?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነውና በቅጡ መመለስ አለበት። እውነት ነው፣ ያልተማረች እናት «ሪ»ን ልታሳይ አትችልም። ልታወራ፣ ተረት ልትነግር፣ እንቆቅልሽ ልትጠይቅ፣ ልታስቆጥር ግን ትችላለች፤ የንባብ ግማሹ ደግሞ የሚነበበው ቃል ትርጉም ነው። ፊደሉን የሚያሳይ ሰው ከቤቱ ወይም ከጎረቤቱ አይጠፋም፤ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ አብዛኛው ደጅ ላይ አለ። ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ከአራቱ ምሰሶዎቹ የመጀመሪያው የወላጆች ትምህርት ነበር። «ልጅ ለልጅ» የተባለው፣ ታላላቆች ታናናሾችን በየሰፈሩ በጨዋታ የሚያዘጋጁበት ፕሮግራምም በይፋ ተቀባይነት ያገኘ ስልት ነው። በተግባር ግን ትኩረቱ ሁሉ ከ1ኛ ክፍል በፊት ወዳለው «0 ክፍል» ዞረ፤ ክፍል ይቆጠራል፣ ተመዝጋቢ ይቆጠራል፣ ሪፖርት ይደረጋል። ከልጇ ጋር በደንብ የምታወራ እናት በሪፖርት ላይ ሳጥን የላትም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ለቤተሰቡ የቀረበለት መመሪያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተላለፈ ትምህርት ነበር፤ ወላጅ ራሱ ምን ያድርግ ለሚለው የተዘጋጀ ነገር እምብዛም አልነበረም። ከዚያ ወዲህም ብዙ አልተለወጠም።

ሌላው ተቃውሞ ከልብ የመነጨ ነው፤ ቤትን እንዲህ ማሞገስ የልጅ ጉልበት ብዝበዛን ያስመሰግናል፣ መንግሥትንም ከኃላፊነቱ ያወጣል የሚል። መጀመሪያው ላይ መስመሩ ግልጽ ነው። ከእናቱ ጋር ድንች መዝኖ የሚመለስ ልጅ ተምሯል፤ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ከብት ኋላ የዋለ፣ ወይም ታናሿን አዝላ የዋለች ልጅ አልተማሩም፤ የሚያወራቸው ሰው የለምና። የሴቶቹ ደግሞ የባሰ ነው፤ ቤት መዋል ለእነሱ ከትምህርት ይልቅ ለትዳር መቃረቢያ ሆኖ የሚያበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ለዚህ ነው «ዝም ብሎ ተቀምጧል» የሚለው እምነት አደገኛ የሚሆነው፤ ልጁ ምንም የማያጣ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ለሥራ ማዋል ምን ከለከለ? ቀኑ የልጁ ትምህርት ነው ብሎ የሚያምን ቤተሰብ ግን ቢያንስ ከቀኑ ላይ ይሳሳለታል። ሁለተኛው ላይ እኔም ከተቃዋሚው ጋር ነኝ። 7ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይንስን ከአያቱ አይማርም፤ ለእሱ የተዘጋ ትምህርት ቤት ያለ ምትክ የተዘጋ በር ነው፤ ለዚያ ተጠያቂዎቹ በሩን ያዘጉት ናቸው። የቤት ትምህርት የሀብታም ፈረንጅ ነገር ነው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ በ50ዎቹም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ በጀርመን በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ፊንላንድ ደግሞ ልጅን 1ኛ ክፍል የምታስገባው በአብዛኛው 7 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ነው፤ በትምህርቷም ማንም አይንቃትም። የእኛ ጉዳይ ከእነዚህ ከማናቸውም ጋር አንድ አይደለም። እኛ ቤትን አልመረጥነውም፤ ግን ልጆቻችን እዚያው ናቸው።

ስለዚህ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሊያደርጉት የሚችሉት ቀላል ነገር አለ። በተቆለፉ መጋዘኖች የተከመረ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል የአዊኛና የአማርኛ መማሪያ ካለ ወደ ቤቶች ይውጣ፤ ቢቀደድም መቀደዱ ከመሻገቱ ይሻላል። ጘን የያዘ የፊደል ገበታ ታትሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያና በእድር ይበተን። ሥራ ፈት የሆኑ መምህራን ልጆቹን ሰብስበው 10 መስመር ከሚያስገለብጡ ወላጆችን ሰብስበው ልጅን እንዴት እንደሚያናግሩ፣ ልጁ ፊደሉን በዜማ ብቻ እንዳልያዘው እንዴት መሐል ላይ ጣት አድርገው እንደሚፈትኑ ያሳዩ። አስጠኚ የሚከፍል ወላጅም ደብተሩ ስንት ገጽ እንደሞላ መጠየቁን ትቶ፣ ልጁ ዛሬ ምን እንደጠየቀ ይጠይቀው።