ሁለተኛው ሽጉጥ

በዋሽንግተን ከተማና በአጎራባቾቿ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የነዳጅ ማደያ ወይም የመጠጥ መደብር ከፍተው እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠሩ ወገኖቻችን፣ ሕጉ የሚጠይቀውን አሟልተው አንድ ሽጉጥ በወገባቸው መታጠቅ ከጀመሩ በኋላ፣ ውሎ ሳያድር «ዋናው ቢከዳኝስ?» የሚል ሥጋት ስለሚያድርባቸው፣ በኪስ ወይም በቁርጭምጭሚት ተሸሽጎ ለሚያዝ ተጠባባቂ የትኛው አነስተኛ ሽጉጥ እንደሚሻል እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ይሰማል። ጥያቄውን የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልንቀውም፤ የሌሊቱን ሒሳብ ብቻውን የሚዘጋ ሰው ለነፍሱ መሣሣቱ የባሕርይ ነውና። የምቃወመው ነገር ቢኖር፣ ሻጩም ገዢውም ትንሹን ሽጉጥ ቀላል ሽጉጥ አድርገው መቍጠራቸውን ነው።

ሁለት ሽጉጥ የመያዝ ልማድ በመሠረቱ የፖሊሶች ነው። ስድስት ጥይት ብቻ የሚጎርሰው ሪቮልቨር በነገሠበት ዘመን፣ በተኩስ መካከል ተሽከርካሪውን ማጉረሻ ከፍቶ፣ ቀለሁን አራግፎ፣ አዲስ ጥይት አንድ በአንድ ከመሙላት ሌላ የተሞላ ሽጉጥ መምዘዝ እንደሚፈጥን የተረዱት የኒውዮርክ ፖሊሶች በዚህ ዘዴ ስማቸው ይነሣል፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ነው) ለገበያ ያቀረበው፣ በኋላም ሞዴል 36 የተባለው ባለ አምስት ጥይት ትንሽ ሪቮልቨርም ለዚሁ አገልግሎት የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሽጉጥ በታሪክ የተመሰከረለት ጊዜ ሚያዝያ 1986 በማያሚ ነበር። ስምንት የኤፍ ቢ አይ መርማሪዎች ሁለት ዘራፊዎችን በመኪና አሳድደው ባስቆሙ ጊዜ፣ መኪናዎቹ ሲጋጩ ጆን ሀንሎን የተባለው መርማሪ ዋና ሽጉጡ ጠፋበት፤ በተጠባባቂነት ይዞት የነበረውን ሞዴል 36 መዝዞ ባይዋጋ ኖሮ ባዶ እጁን በቀረ ነበር። የሁለተኛው ሽጉጥ ወዳጆች ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ይወዳሉ። ቀሪው ግን እንዲህ ነው፤ ሀንሎን አምስቱን ጥይት ጨርሶ እንደገና ሲያጎርስ እጁን ተመታ፤ በዚያም ቀን ሁለት መርማሪዎች ሲሞቱ አምስቱ ቈሰሉ። ከዚህም ሌላ መርማሪው ወንጀለኛ ፈልጎ ሊይዝ የወጣ፣ ባልደረቦችም የነበሩት ሰው ሲሆን፣ የባለ ሱቁ ዓላማ ግን ማምለጥና በሕይወት ወደ ቤቱ መመለስ ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። በ2008 የወጣው ሩገር ኤልሲፒ ጥይቱ ሳይጨመር 270 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 642፣ ሰውነቱ ከአሉሚኒየም የተሠራው ሪቮልቨር፣ 410 ግራም ያህል ነው። በመደብሩ መስታወት ላይ አንሥተው ሲመዝኑት እንዲህ ያለው ዕቃ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ክብደቱ ያነሰ ሽጉጥ የተኩሱን ርግጫ የሚያበርድበት ክብደት ስለሌለው በሙሉ ኃይሉ በመዳፍ ላይ ያሳርፈዋል፤ እጀታው ከሁለት ጣት በላይ በደንብ አያስጨብጥም፤ አፈሙዙ አጭር በመሆኑ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ተቀራርቦ ጥቂቱ የእጅ ስሕተት በሩቁ ብዙ ስሕተት ይሆናል፤ የሪቮልቨሩም ምላጭ እጅግ የከበደ ስለሆነ ያልለመደ ጣት ሲስበው አፈሙዙን ይዞት ይሄዳል። እንግዲህ ይህን የመሰለውን፣ ለሠለጠነ ተኳሽ እንኳ የሚያስቸግረውን መሣሪያ፣ «ትንሽና ቀላል ነው» በማለት በተለይ ለጀማሪዎችና ለእኅቶቻችን የሚያቀርቡ ሻጮች፣ ያለ ጥርጥር ክፉ ምክር እየሰጡ ነው።

ትንሹ ሪቮልቨር ምስጋና የሚገባው በሌላ ነገር ነው። መምቻው በሰውነቱ ውስጥ የተሰወረው ዓይነት ከኪስ ሲመዘዝ በጨርቅ አይያዝም፤ ግብግብ ገጥመው ከባላጋራው አካል ጋር ቢጣበቅም ይተኩሳል፤ ራሱን የሚያጎርሰው ሽጉጥ ግን አፈሙዙ በአካል ላይ ከተጫነና ተንሸራታቹ ጥቂት ወደ ኋላ ከተገፋ አልተኩስም ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ መያዝ ግድ የሆነበት ሰው ወይ ይህን ይምረጥ፣ ወይ ደግሞ የዋናውን ጥይትና ካዝና የሚጋራውን ይምረጥ፤ ለምሳሌ ትንሹ ግሎክ 26 የግሎክ 19ን እና የግሎክ 17ን ካዝና ይቀበላል። በአንደኛው የመጠበቂያ ቍልፍ አውርዶ የሚተኮስ፣ በሌላው ያለ ቍልፍ የሚተኮስ ጥንድ መያዝ ግን በድንጋጤ ሰዓት እጅን ያወናብዳል።

በእኔ ግምት ግን የጥያቄው ምክንያት ራሱ እያረጀ ነው። በ2018 ሲግ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ፒ365፣ 500 ግራም ያህል እየመዘነ በካዝናው 10 ጥይት ስለሚይዝ፣ ዋናው ሽጉጥ ራሱ ቀድሞ ተጠባባቂው የነበረውን ያህል አነሰ። የሚቀረው የመበላሸት ፍርሃት ነው፤ ይህንንም በአብዛኛው ጽዳት፣ ጥሩ ጥይትና አንድ ትርፍ ካዝና ይፈውሱታል።

ስለ አያያዙ ዝም ማለት አይገባም። በታኅሣሥ 2014 በአይዳሆ ግዛት፣ ሃይደን በተባለች ከተማ፣ አንዲት እናት ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ በዚፕ የሚዘጋ ልዩ ኪስ ያለው ቦርሳዋን ልጇ በተቀመጠበት የገበያ ጋሪ ላይ አኑራ ሳለች፣ የሁለት ዓመት ሕፃን ልጇ ከዚያው ውስጥ አውጥቶ ተኩሶ ገደላት። ከአካል የተለየ ሽጉጥ የማንም እጅ የሚያገኘው ሽጉጥ ነው። በኪስም ከሆነ ምላጩን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍን ማኅደር ውስጥ፣ ከቍልፍና ከሳንቲም ተለይቶ በብቸኛ ኪስ ይቀመጥ። በቁርጭምጭሚት ማሰርን የሚያስቡ ምእመናን ደግሞ ጫማ አውልቀው በሚገቡበት ቤተ መቅደስ ደጃፍ ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ አስቀድመው ይንገሩን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ድልድዩ ነው። የእኛ ሰው በአሌክሳንድሪያ አድሮ በዋሽንግተን ይውላል፤ የዋሽንግተን ሕግ ግን የቨርጂኒያንም ሆነ የሜሪላንድን የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበልም። ስለዚህ በቨርጂኒያ ጨዋ የነበረው ዜጋ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር፣ ረስቶትም ቢሆን በእግሩ ያሰረው ትንሽ ሽጉጥ እስከ አምስት ዓመት በሚያሳስር ወንጀል ያስጠይቀዋል። ዋሽንግተን የራሷን ፈቃድ ለመስጠት የ16 ሰዓት ትምህርትና የ2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች፤ እያንዳንዱም ሽጉጥ በየራሱ መመዝገብ አለበት። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራሉ ሕግ አንዱንም እንኳ መያዝ አይፈቀድለትም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ይፈቀድለታል። የተረሳ ሽጉጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖች፣ አስቀድማችሁ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሂዱና ትንሹን ሽጉጥ ተከራይታችሁ አምስት ጥይት በሁለት እጅ፣ አምስት ጥይት በግራ እጅ ብቻ ተኩሱበት፤ ወረቀቱንም ለመምህሩ አሳዩት። ውጤቱ ካላማረ ለሽጉጡ ያዘጋጃችሁትን ገንዘብ ለዋናው ሽጉጣችሁ ጥይትና ለመምህር ክፈሉት።