ምስጋናችንን በአፋችን ይዘን አንቅር



በቅርቡ በተገኘንበት ሰርግ ላይ የቀረበውን እንጀራ ያላደነቀ አልነበረም። ዓይኑ፣ ልስላሴው፣ የእርሾው ልክ! «እጇ ይባረክ» ያላለ ማን ነበር? እንጀራውን የጋገረችው እህታችን በአንድ የደቡብ ከተማ ጠባብ ምግብ ቤት አላት። ከሰርጉ ስንመለስ የቤቱን ስም በጉግል ካርታ ላይ ፈልገን ከፈትን። ያገኘነው ሦስት አስተያየት ብቻ ነው። አንደኛው ሰው «ዳቦው ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል» ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቷል። ሁለተኛው ሹካ አልቀረበልኝም ብሎ ተቆጥቷል። ሦስተኛው ምንም ቃል ሳይጽፍ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ሄዷል፤ ወንድሟ ሳይሆን አይቀርም። በሰርጉ ላይ ሆዳችን እስኪሞላ ከበላነው ሁሉ አንድ መስመር የጻፈላት የለም። እኛም ጭምር።

ሊጡ ቀናት ቆይቶ እንደሚቦካ፣ መኮምጠጡም ጣዕሙ እንጂ ብልሽት አለመሆኑን ለዚያ ሰው ማን ይንገረው? እሷ ብትመልስ ነጋዴ ለሸቀጧ ተከራከረች ይባላል። መመስከር ያለበት የበላው ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። በነገረኛ ፊት ይህ እውነት ነው። በንግድ ግን እኛ ዝም ስንል የሚነቅዘው የእህታችን ጤፍ ነው። «ኮል ሃካቮድ» ብለናት እንወጣለን፤ ቃሉም ከበሩ አያልፍም። የማያውቃት መንገደኛ የሚያነበው ያንኑ ስለ ሹካ የተጻፈውን ነው።

ይህ ነገር ለትንሽ ቤት ቀላል አይደለም። የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር ማይክል ሉካ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረበው ጥናት፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ያሉ ምግብ ቤቶች የልፕ በሚባለው የአስተያየት መድረክ ላይ አንድ ኮከብ ሲጨምሩ ገቢያቸው ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው፤ ጥቅሙ የታየው በግለሰቦች ቤቶች ላይ እንጂ ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ስመ ጥር ድርጅቶች ላይ አይደለም። የታወቀ ስም ምስክር አያሻውም። እንግዲህ በዚህ አገር ምስክር ከሚያሻቸው ቤቶች ግንባር ቀደሞቹ የእኛ አይደሉምን?

ዕብራይስጥ መጻፍ አንችልም የሚሉ አሉ። በአማርኛ ይጻፉ፤ ማንም አይከለክልም። ፊደል መልቀም ለሚያስቸግራቸውም ጉግል ከ2017 ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ዓይን ይበላታል ብለው የሚሰጉም አልጠፉም። ባዶ ወንበር ከዓይን ይብሳል ብለን እንመልሳለን። ከሁሉ የሚያናድደን ግን «ዘመድ አይደለች፣ ምን ይጻፍላታል» የሚለው ነው። በዘመድነት ቅናሽ ስንጠይቅ አፋችን መቼ ተይዞ ያውቃል?

ስንጽፍም «ጥሩ ነው» ብለን አንለፍ። ምን በላን? ከልጆች ጋር ነበርን? ሽሮው ትኩስ ነበር? ለጾም የሚሆን ምግብ አላት? እንግዳው ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው። የከፋን ነገር ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለእሷው በጆሮዋ እንንገራት።

ለባለቤቶቹም የምንለው አለን። የተቆጣ ሰው ማንም ሳያስታውሰው ይጽፋል፤ ጠግቦ የወጣ ግን ይረሳል። ስለዚህ ደንበኛው ሒሳቡን ከፍሎ ሲያመሰግን «እባክዎ ይህንኑ ሁለት መስመር ይጻፉልን» ማለት ልመና አይደለም። በነጻ ቡና ወይም በቅናሽ ምስጋና መግዛት ግን በጉግል ደንብም የተከለከለ ነው፤ ለራስ ቤት ራስ መጻፍም እንዲሁ። ምግቡን ቀምሰው የማያውቁ የአጎት ልጆችን ሰብስቦ ማስመስከርማ ከተነቃበት እውነተኛውን ምስክር ሁሉ ያስጠረጥራል። የእህታችን ወንድም ይህን ቢያነብ አይቀየመን።

ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ ከመስጠታችን በፊት ስልካችንን አውጥተን አራተኛውን አስተያየት ጻፍን። በአማርኛ ነው። ስለ እርሾውም አስረድተናል።