መንጠቆው ይቅር እንጂ እግር አይግባ

ዛሬ የምናነበው ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው።

«የራያ ቆላ የማሽላ አገር ነው። ለቆቦ ሰው ዓሣ ምኑ ነው?» ትሉ ይሆናል። ታገሡን። ነገሩ መጨረሻው እኛው ደጃፍ ነው።

አዝመራ ከገባ በኋላ ከሁለት የማታ ተማሪዎቻችን ጋር ከቆቦ ተነሣን። ወልዲያን፣ መርሳንና ውጫሌን አልፈን ሐይቅ ደረስን። አንደኛው ተማሪያችን ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ዘመድ አላቸው።

በሐይቁ ውስጥ አምባዛና ቆረሶ የሚባሉ ዓሦች አሉ። ቆረሶ ከጥንት እዚያ አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውኃ መጥቶ ተጨመረበት። ተራባም።

የሐይቁ ዳር ፊላና ቄጤማ አለበት። አንዳንዱ ቦታ ውኃው አይታይም። አረንጓዴ ሣር እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል። ዓሣ እንዲህ ያለውን ቦታ ይወዳል። ጥላ ያገኛል። ትላትልና ነፍሳት ይበላል። ከአሞራም ይደበቃል።

ታዲያ ከዳር ሆኖ እንዴት ይጠመዳል? ያየነውን እንንገራችሁ።

ክሩ ጠንካራ ይሁን። ቀጭን ክር ሣር ውስጥ ይበጠሳል። የመንጠቆው ጫፍ በትሉ ሥጋ ውስጥ ይሸፈን። ጫፉ ከወጣ ሣሩን ይይዛል። ሣሩ ላይ አትወርውሩ። በሣሩ መካከል ክፍት ቦታ ፈልጉና እዚያ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። ዓሣው ሲይዝ ቶሎ ወደ ላይ ሳቡት። ጊዜ ከሰጣችሁት ሣር ውስጥ ይገባና ክሩን ይጠመጥመዋል። ማለዳና ወደ ማታ ጥሩ ጊዜ ነው። ትንንሾቹን ወደ ውኃው መልሷቸው። ነገ ያድጋሉ።

ሽማግሌው ተማሪያችን አንድ ቆረሶ ያዙ። ደስ አላቸው። በሁለተኛው ግን መንጠቆው ሣር ያዘ። ቢስቡት እምቢ አለ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ሊገቡ ሲሉ «አባታችን፣ አይግቡ!» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ መንጠቆውን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። ለሣር ልተውለት?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ገንዘብ በቀላሉ አይገኝም። እኛ ግን የፈራነው ሌላ ነገር ነው። ከሣሩ በታች ያለው ጭቃ እግር ይውጣል። ከዚህም በላይ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ።

በሽታው እንዲህ ይተላለፋል። የታመመ ሰው ውኃ ዳር ይጸዳዳል። በሰገራው ውስጥ ያለው የትል እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ትል በትንሽ የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ቆዳ ሲያገኝ በስቶ ይገባል። ሆድ ያማል። ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል። ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል።

ቀንድ አውጣው የሚወደው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር ያለበት ውኃ ነው። ዓሣው የሚወደውን ቦታ እሱም ይወዳል ማለት ነው። በደንብ የበሰለ ዓሣ መብላት ግን ይህን በሽታ አያመጣም። የሚያመጣው ውኃው ውስጥ መግባት ነው።

ይህን ስንነግራቸው ሽማግሌው ዝም አሉ። ረጅም ባላ ያለው እንጨት ፈለግንና ሣሩን ገለጥን። መንጠቆው አልወጣም። በመጨረሻ ቢላዋቸውን አውጥተው ክሩን ቆረጡት።

«መንጠቆ ከገበያ ይገዛል። ጉበት ከየት ይገዛል?» አሉ።

አሁን ወደ ቆቦ እንመለስ። በእኛም አገር የመስኖ ቦይ አለ። ጎርፍ ካለፈ በኋላ የሚተኛ ውኃ አለ። ሣር ይለብሳል። ልጆቻችን ይዋኙበታል፤ ከብት ያጠጡበታል። ከቆቦ በስተ ሰሜን ባለው ዋጃ ጥሙጋ ቢልሃርዚያ በምርመራ ተገኝቷል። ስለዚህ ነገሩ የሐይቅ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ምን እናድርግ? መጸዳጃ ቤት እንሥራ። ውኃ ዳር አንጸዳዳ። የቦዩን ሣር ከዳር ሆነን በረጅም መቆፈሪያ እንጥረግ። ልጁ ሆዱን ካመመው ወይም ደም ካየ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ግን ድኖ ተመልሶ ከገባበት እንደገና ይይዘዋል።

እኛ ራሳችን ከዚህ በፊት ሳናውቅ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ እግራችንን ታጥበናል። ስለዚህ ተመረመርን። ማፈር አያስፈልግም።

ለውይይት፦
1. ዓሣ ሣር ያለበትን ውኃ ለምን ይወዳል?
2. ቢልሃርዚያ ከሰው ወደ ሰው የሚደርሰው በምን በኩል ነው?
3. በእናንተ መንደር ልጆች የሚዋኙበት የተኛ ውኃ የት ነው? ማን ይነግራቸዋል?