«እሳት ወይ አበባ»ን ጅማ ላይ ሳነበው

ብዙዎቻችን የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅንን ግጥም የምናደንቀው «ቃላቱ ከባድ ናቸው» እያልን ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አሁን ግን አልስማማም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አምና ለክፍል ሥራ አጋሮ ሄጄ ስለ ቡና ዘገባ ጻፍኩ። መግቢያዬ «አረንጓዴው ወርቅ» ይል ነበር። ያነበብኩላቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ሳቁና «ልጄ፣ ወርቁ የታለ? እኔ የማውቀው እሸትና ጀንፈል ነው» አሉኝ። አፈርኩ። የሳቸውን ቡና ሳላይ ቃል ተውሼ ነበር የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ነው በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» እንደገና የገለጥኩት። እስቲ ርዕሱን ብቻ እዩት። እሳትም አበባም ሕፃን የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ጉልበቱ ያለው «ወይ» ላይ ነው። «እና» ቢል ኖሮ ሁለት ነገር ቆጥሮ ያልፍ ነበር፤ «ወይ» ሲል ግን ምረጡ ብሎ ያፋጥጠናል። ጅማ ላይ ለሚያነበው ደግሞ ሌላም ነገር ይታየዋል፤ ቡናችን ዝናብ ሲያገኝ በነጭ አበባ ይጀምርና ምጣድ ላይ በእሳት ያልቃል። ገጣሚው ይህን አስቦ ነው አልልም፤ ጥሩ ምስል ግን ለአንባቢውም ቦታ ይተዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ለጋዜጠኛ ግጥም ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። እንደኔ እንደኔ፣ ቃል መምረጥ ይማርበታል። የሚከብደው ትልቅ ቃል ማግኘት አይደለም፤ ትክክለኛውን ማግኘት ነው። እኔም ዘገባዬን ሰርዤ እንደገና ስጽፍ «ጀንፈል» ብዬ ጀመርኩ።