የቆዳ መቁረጫ ከመግዛትዎ በፊት

“አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ” የሚለው አባባል ለቆዳ የተነገረ ይመስላል። የተበላሸ የልብስ ስፌት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ ያለቦታው የተቆረጠ ቆዳ ግን ተመልሶ አይገጥምም። በቤታቸው ቦርሳና ቀበቶ መሥራት የጀመሩ ብዙ ቤተሰቦችም እቁብ ሲደርሳቸው ቀድመው የሚያስቡት መቁረጫ ማሽን ነው።

ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ አንድ ነገር ያስሉ፦ በወር ስንት አንድ ዓይነት ቁራጭ ይቆርጣሉ? አንድ ቦርሳ 12 ቁራጭ አለው እንበል። በወር 20 ቦርሳ ከሠሩ 240 ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢወስድ 20 ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን ተኩል ያህል ሥራ ማለት ነው። ለዚህ ብቻ የቤተሰብ ቁጠባ አይፈስም።

በዚህ ደረጃ ስለት ያለው ካተር፣ ከባድ የብረት ማስመሪያና ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ይበቃሉ። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። የደነዘ ምላጭ ቆዳውን ይጎትታል፤ በተለይ ስስና ለስላሳ የሆነውን የበግ ቆዳ። የሚታየውን የቦርሳውን ፊት ከጀርባው ክፍል ይቁረጡ፤ የሆዱ ክፍል ይለጠጣልና ለማይታየው ቦታ ይተዉት።

አንድ ሞዴል ገበያ ካገኘና ትእዛዙ ከተደጋገመ ቀጣዩ ደረጃ በቅርጹ ልክ የሚሠራ ስለታም የብረት ቅርጽ ነው። ትንንሹን በመዶሻ፣ ተለቅ ያለውን በክሪክ በሚሠራ መጭመቂያ መጫን ይቻላል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ነገር ግን አንድ ቅርጽ የሚቆርጠው አንድ ሞዴል ብቻ ስለሆነ፣ ዲዛይንዎ በየወሩ የሚቀያየር ከሆነ ብረቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ትልቁ የሃይድሮሊክ መቁረጫ ብዙ ጊዜ ባለሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል። ያገለገለ ከገዙ በሁለት እጅ ካልተጫነ የማይወርድ መሆኑን ቆመው ያረጋግጡ። አንዱ ቁልፍ በፕላስተር ታስሮ ካገኙት ይተዉት፤ ጣትን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ሌዘርስ? ውስብስብ ቅርጽ ያወጣል፤ ጠርዙን ግን ያሳርራል። አብዛኛው ቆዳ በክሮም የለፋ በመሆኑ ጭሱ ለጤና ጎጂ ነው። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ በቂ መሣሪያ በሌለበት፣ ይልቁንም ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ፣ ፈጽሞ አይሞከርም።

የትኛውንም ሊገዙ ሲሄዱ የሚሠሩበትን ቆዳ ይዘው ይሂዱና ፊትዎ ያስቆርጡ። ትእዛዙ በዝቶ ማሽን መግዣው ካልሞላ፣ ማሽኑ ካላቸው የጫማ ሥራ ቤቶች ጋር በቁራጭ ተስማምቶ ማስቆረጥን ይሞክሩ። የተረፈው ገንዘብ ጥሩ ቆዳ ይግዛ፤ ደንበኛ የሚዳስሰው እሱን ነው።